ቅርፊት

ከጅቡቲ መጣሁ፣ ኻያ ሁለት ጎማ፣
ገላን ላይ አቁሜ ገባሁ በጨለማ።
ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣
መብራት የለም ዛሬም፤ ደረጃው አያልቅ።
በአንድ እጄ ሳጥን፣ በረዶው የሚያነባ፣
በሌላው ሁለት ቢራ ታቅፌ ስገባ፣
ትርሲት በሻማ አየችው፤ ክዳኑን ከፈተች፣
ወዲያው መልሳ ዘጋች፣
«አንበጣ ነው?» አለች።

«ሽሪምፕ ነው» ብላት፣ «ይኼ ሁሉ እግር?»
«ከባሕር ነው» ብላት፣ «ይመለስ ወደ ባሕር።»

ነገ ዓርብ ነው።
ፍሪጁ እንደ ቁም ሣጥን ዝም ብሎ ቆሟል፣
የበረዶው ውሃ ምንጣፉ ላይ ወርዷል፤
ወይ ዛሬ ይጠበሳል፣
ወይ ነገ ይደፋል።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ወደብ ላይ ማዳበሪያ ስጠብቅ፣
ሙቀቱ ሸሚዝ ሲያስወልቅ፣
ሮሜል የሚሉት ፊሊፒንሳዊ፣ የመርከብ ወጥ ሠሪ፣
በእጁ ብቻ አስተማረኝ፣ ያለ ተናጋሪ፤
ጣቶቹን አሻሸ — ዱቄት፤ ጠርሙሱን ነቀነቀ — ቢራ፤
ጆሮውን ወደ ዘይቱ አዘንብሎ፣ እንደሚሰማ ወሬ፣
«አሁን» አለ በዓይኑ።
የመጀመሪያዋን ስቀምስ አንገቴን ደፋሁ፤
ቤቴን ጥዬ ብቻዬን፣ እንደ ሌባ በላሁ።

ስለዚህ ነው ያመጣሁት።

በረንዳ ላይ ከሰል አያያዝሁ፣ በካርቶን አራገብሁ፤
ራሱን ቆረጥሁለት፣ ልብሱን አወለቅሁ፣
በጀርባው ያለችውን ጥቁር ክር በመርፌ ቁልፍ ሳብሁ።
ዱቄት ሁለት ስኒ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ በቁንጥር፣
ቢራው ቀዝቃዛ ይሁን፣ አረፋው ሳይሰበር፤
ብዙ አታማስለው፤ ጓል ቢኖረው ይኑር፣
በጣም የታሸ ሊጥ እንደ ጎማ ይከብዳል፤
(ጎማ አውቃለሁ እኔ።)

ከወዲያ ክፍል አማቴ፣ ወይዘሮ የሺመቤት፣
መቁጠሪያቸው ቆመ።
«ክንፍ አለው?»
«የለውም።»
«ቅርፊትስ?»
«እሱም የለው።»
«እንግዲያ ምን ልትሆን ነው የምታበስለው?»
«ዮሐንስም እኮ አንበጣ…» ብዬ ገና ሳልጨርስ፣
«የበረሃ ቅጠል ነው እሱ! መጽሐፍ አትቀንስ!»

የመጀመሪያዎቹ ረጠቡ፤ እሳቱ ሰነፍ ነበር፣
ዘይት ጠጥተው ወጡ እንደ በሰበሰ ክር።
ትርሲት ሳቀች። አራገብሁ። ዓይኔ በጭስ አለቀሰ።
ጠብታ ሊጥ ጣልሁ —
ቸስ አለና ተመለሰ።
አሁን።
አንድ በአንድ ለቀቅኋቸው፣ ጅራታቸውን ይዤ፣
ወርቅ ሆነው ተንሳፈፉ፤ ቆጠርሁ እጄን ይዤ።
ከሦስተኛ ፎቅ ጉተማ ወጣ፣ ስልኩን እያበራ፣
«የሠርግ ቤት ይሸታል፤ ማነው የሚያገባው?» ብሎ ተጣራ።

ሰሐኑን ይዤ ገባሁ፣ ከአማቴ ፊት ቆምሁ፣
«ቅርፊት የለው ብለው ነበር፤ ይኸው፣ አለበስሁት» አልሁ።

ሻማው ተንቀጠቀጠ።
ትርሲት ከንፈሯን ነከሰች፤ ልጄ ሶልያና አፏን ከፈነች።
ረጅም ዝምታ፣ ከሞጆ እስከ አዋሽ የሚሄድ፤
ከዚያ የነጠላ ጫፍ፣ ከዚያ ጣት፣ ከዚያ ሳል፦
«ውስጡን ለራስህ አውጣ።
ቅርፊቱን ብቻ ስጠኝ።»

ቀጭ።
እንኳን እኛ፣ ደረጃው ሰማ።
ቀጭ፣ ሁለተኛ።
ሦስተኛውን ሳልሰጥ ወሰዱት፤ እኔም አላየሁ መሰልሁ።

ሰሐኑ ጠርዝ ላይ ሦስት ሽሪምፕ ራቁታቸውን ቀሩ፣
ሶልያና በላቻቸው፣ ሻማው ሲደክም ብርሃኑ።
«ሊነጋ ነው፣ ዓርብ ነው! አፋችሁን ተጉመጥመጡ!»
ብለው ተነሡ አማቴ፣ ጀሪካኑን አንቀጠቀጡ፤
ባዶ ነው። ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ነው በዚህ ሰፈር።
ጠረጴዛው ላይ ግን ግማሽ ቢራ ነበር።

ጠርሙሱን አዩት።
እኔን አዩኝ።
«ዞር በል» አሉኝ።